ኡኡታን ወደ ደጅ ያወጡት ሰው

አያ ባዘዘው ማረፋቸውን የሰማሁት ከጥሩንባ ነፊ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቀሐ ሰፈር ላይ የዕድሩ ለፋፊ ጥሩንባውን ነፋና «የኤሌክትሪኩ አያ ባዘዘው አርፈዋል፤ ቀብራቸው ድብ ባሕር ነው» ብሎ አለፈ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። «የኤሌክትሪኩ» መባላቸውን ቢሰሙ ከሬሳ ሳጥናቸው ቀና ብለው ያርሙት ነበር ብዬ ነው ያሰብኩት። ሐዘኑ የመጣው ቆይቶ፣ ሥራ ገብቼ ለእንግዳ ቁልፍ ስሰጥ ነው።

«ኤሌክትሪክ ማንም ይዘረጋል፤ እኔ የእሳት ጥቆማ ባለሙያ ነኝ» ይሉ ነበር። ይህን ያልነገሩት ሰው ከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ የምሠራው ጎንደር መሐል ከተማ፣ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ የሆቴሉን የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል የሚከታተሉ ሰው ነበሩ። ኮንትራታቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቅ እንዲሉ ነው የሚያዘው። እሳቸው ግን ደስ ሲላቸው በየቀኑ ይመጣሉ፣ ሲከፋቸው ደግሞ ወር ይጠፋሉ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ከረባት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። መሰላል ሊወጡ ሲሉ ኮታቸውን አውልቀው የእኔ ወንበር ላይ ይሰቅሉታል፤ ከረባቱ ግን አብሯቸው ይወጣል። መሰላሉን ማንም እንዲይዝላቸው አይፈልጉም። አንድ ቀን አንድ አስተናጋጅ አዝኖላቸው ሊይዝ ቢጠጋ «ምነው፣ ልወድቅልህ ነው?» ብለው አባረሩት። ራሳቸውን ዝቅ አድርጎ መናገርም አልፈጠረባቸውም። «በዚህ አገር ይሄን ሥራ ከባዘዘው በላይ አውቃለሁ እሚል ካለ ይምጣና እንፈተን» ይላሉ። የሚመጣ ስለሌለ ዕድሜ ልካቸውን አንደኛ እንደሆኑ ኖሩ።

እንግዳ በሌለበት አንድ ቀን ጣራው ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ነገር እንዴት እንደምትሠራ ጠየቅኳቸው። ክፍል አጽጂዎቹ «እንጉዳይ» ነው የሚሏት። አያ ባዘዘው ስሙን አይወዱትም ነበር፤ ቢሆንም ጥያቄ ሲጠየቁ ፊታቸው ይፈታል።

«ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጨረሩ ላይ አቧራ ሲንሳፈፍ አይተሽ የለ?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«አቧራው ባይኖር ጨረሩ ከጎን ይታይሽ ነበር?»

አይመስለኝም አልኩ።

«በቃ። በዚህች ውስጥ አንዲት ጨለማ ክፍል አለች። ክፍሏ ውስጥ መብራትም ዓይንም አለ። መብራቱ ግን ወደ ሌላ ነው እሚያበራ፣ ዓይኑ ምንም አያይም። ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ጭሱ ላይ ይበተንና ዓይኑ ላይ ያርፋል። ያኔ ዓይኑ ላንቺ ሳጥን ይነግረዋል፤ ሳጥኑ ደወሉን ያስጮኸዋል።»

ሳጥኑ ያሉት ከወንበሬ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ የየፎቁ መብራት የተደረደረበትን መቆጣጠሪያ ነው። ከተማው መብራት ቢጠፋበትም እሱ በባትሪው ይሠራል። ወጥ ቤቱስ እንዴት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጭስ አይደል ወይ አልኳቸው።

«ወጥ ቤትማ ጭስ ሥራው ነው። እዛ የሰቀልኩት ሙቀት እሚያውቅ ነው፤ ጭስ ቢጠግብም አፉን አይከፍት። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ነው እሚናገር። አለዚያማ ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር እንግዳሽ ሁሉ ከነሳሙናው ደጅ ይወጣልሻል።»

ማሽኑ አያስቸግራቸውም ነበር። የሚያስቸግራቸው ሰው ነው። ለጥምቀት ሆቴሉ በምእመን ይሞላል፤ ምእመን ደግሞ ጧፍ አብርቶ ክፍሉ ውስጥ ይጸልያል። የሙቅ ውሃ እንፋሎትም ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ እንጉዳዩን ያስጮኸዋል። አጽጂዎቹ ሲሰለቻቸው ለእንግዳ የሚቀመጠውን፣ ፀጉር እንዳይረጥብ የሚጠለቀውን የላስቲክ ቆብ እያነሡ በእያንዳንዷ እንጉዳይ ላይ አጠለቁባት። ሸጋ መላ ነበር፣ ደወሉ ጸጥ አለ። አያ ባዘዘው መጥተው ሲያዩ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ቆቦቹን ለቅመው ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩልኝ።

«ዘበኛ ቀጥረሽ ዓይኑን በጨርቅ ታስሪዋለሽ?»

«እኔ አይደለሁም ያጠለቅኩት፣ አያ።»

«እሱን መቼ አልኩሽ? ጠየቅኩሽ እንጂ።»

እንዲህ ነበሩ። ሰውን በጥያቄ ነው የሚያዋርዱ።

ጥፋት ሲገኝባቸው ደግሞ አይጣል ነው። አንድ ሰሞን ሁለተኛ ፎቅ ያለ ምክንያት እየጮኸ አላስቀምጥ አለን። አያ ባዘዘው ወጥ ቤት የሚሠራውን ሰውዬ ጠረጠሩት፣ ኮሪደር ላይ ሲጋራ ያጨሳል ብለው። ሰውየው በእናቱ ስም ማለ፣ አላመኑትም። «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» እያሉ አላገጡበት። ኋላ እንጉዳይዋን አውርደው ሲፈቷት ጨለማዋ ክፍል ውስጥ ሸረሪት ድሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ለዓይኑ ሸረሪትም ጭስም አንድ ነው፤ ብርሃን ከበተነለት ይጮሃል። ይቅርታ ይጠይቃሉ ብለን ጠበቅን። እሳቸው ሸረሪቷን ክብሪት ቤት ውስጥ ከተው ወጥ ቤት ገቡና ለተሰበሰበው ሁሉ እያሳዩ «ጥፋተኛዋ ተይዛለች» ብለው ወጡ። ወጥ ቤቱ ሳቀ፣ ምን ያድርግ።

አንድ ነገር ግን አላቸው፦ ያላዩትን አይሉም። አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ባለሆቴሉ ከጎናቸው ቆሞ «ሁሉም ተፈትሿል» አለ። አያ ባዘዘው ወዲያው «ሁለተኛው ፎቅ ዛሬ አልተሞከረም» አሉ። ባለሆቴሉ ዓይኑን አጉረጠረጠባቸው። «ባለፈው ሳምንት ሞክረውት የለም እንዴ፣ አያ?» ቢላቸው «ባለፈው ሳምንት ያየሁትን ባለፈው ሳምንት ተናግሬያለሁ» አሉት። በዚህ ነገር ሆቴሉ ውስጥ ተረት ሆነው ነበር። ከእኛ አንዱ ሲምል «አያ ባዘዘው ያዩት ይመስል እውነት ነው» ይላል።

ከሁሉ የማልረሳው የልምምዱን ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ምሳ አዳራሽ ሰበሰቡና አስረዱን። ደወሉ ሲጮህ ዕቃ ሳናነሣ በደረጃ ወርደን፣ ግቢው በር አጠገብ ካለው ወይራ ሥር መሰብሰብ ነው። ገብቶናል አልን። እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው የጥጥ ገመድ አጭሰው በሸምበቆ ጫፍ ለአንዷ እንጉዳይ አስጠጉላት፤ ከዚያ በፍጥነት ወርደው ወይራው ሥር ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ።

ደወሉ ጮኸ። ሳጥኑ ላይ የሦስተኛው ፎቅ መብራት ቀላ። እኔም እንደታዘዝኩት «ሦስተኛ ፎቅ» ብዬ ተጣራሁ። ወጥ ቤቱ ባልዲ ሙሉ ውሃ አንጠልጥሎ ወደ ላይ ሮጠ። አስተናጋጁ የጠረጴዛ ልብስ ነክሮ ተከተለው። አትክልተኛው ቱቦውን እየጎተተ መጣ፤ ቱቦው ደረጃው መግቢያ ላይ አለቀበት እንጂ እሱም ወደ ላይ ነበር። ሁለት የውጭ አገር እንግዶች ምን ተገኘ ብለው ስልካቸውን ደግነው አብረው ወጡ። የግቢው ጥበቃ ሳይቀር በሩን ወለል አድርጎ ትቶ ዱላውን ይዞ ሮጠ፤ እሳቱን ሊደበድበው ይሁን እንጃ። እኔም ራሴን ያገኘሁት ደረጃው እኩሌታ ላይ ነው።

ወይራው ሥር አያ ባዘዘው ብቻቸውን ቀሩ።

ስንወርድ አልተቆጡም። የባሰባቸው ቀን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «እሳት አለ ሲባል ወደ እሳቱ ነው እምትሮጡ?» አሉ።

«ታዲያ አያ፣» አለ ጥበቃው፣ «ሰው ሲነድ ቁጭ ብሎ ሊታይ ነው?»

አልተሳሳተም። በእኛ አገር ኡኡ ሲባል የሰማ ሁሉ ይደርሳል። ውሃ ያለው ውሃ፣ የሌለው ቅጠል ይዞ። ኡኡታ ሰምቶ ያልደረሰ ሰው የእሱ ቀን ሲመጣ ደራሽ የለውም፤ ይህን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም፣ እኛ ደግሞ ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን። አያ ባዘዘው ቀስ ብለው አስረዱን። የሣር ቤት ሲነድ ጭሱ በጣራው ይወጣል፤ ሰው ተረባርቦ ክዳኑን ሊያወርደው ይችላል። ፎቅ ግን ጭሱን ውስጡ ይይዛል። ደረጃው የጭስ ማውጫ ይሆናል፣ ላይ የወጣ ሰው በዚያ አይወርድም። የሚገድለው ነበልባሉ ሳይደርስ ጭሱ ነው። ይህን ሁሉ ሰማን፣ ራሳችንን ነቀነቅን። በሁለተኛው ልምምድ ወጥ ቤቱ ባልዲውን ሁለት አደረገው።

ከዚያ ተቀይመው ጠፉ። ሲመለሱ ድብ ባሕር፣ ትውልድ ቀያቸው፣ ለክርስትና ደርሰው ነው የመጡት። ኮታቸውን ወንበሬ ላይ ሰቅለው «የወንድሜ የጭድ ክምር ነደደ» አሉኝ።

«ይቅር ይበለን። ሰው ተጎዳ?»

«አልተጎዳም። ኡኡ ሲባል ከድግሱ ማን ቀድሞ የደረሰ ይመስልሻል?» ከረባታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «እኔ። ከነከረባቴ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «ሰው ወደ ጩኸቱ ነው እሚሮጥ። ይሄን የሚያስተው ባለሙያ አልተወለደም። እንግዲያ ጩኸቱን ከቤት ማውጣት ነው።»

የውስጡ ደወል እንዳለ ሆኖ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጥሩንባ ወይራው ላይ ሰቀሉ። አልሆነም፤ ሰው የጭነት ማኪና መስሎት ዞር ብሎም አላየው። ያኔ ነው እትዬ ዘነቡን ያሰቡት።

እትዬ ዘነቡ የሆቴሉ ልብስ አጣቢ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ገንዳቸው ላይ ነው የሚውሉት። ልጃቸው ፋሲካ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ አንሶላ ትተኩሳለች። እናትየው ልጅቷን ከግቢ ሲጠሯት ማዶ ያለው ሰፈር «አቤት» ይላል። አያ ባዘዘው ደወሉ ሲጮህ ወይራው ሥር ቆመው ኡኡ እንዲሉላቸው ጠየቋቸው።

«ምነው ባዘዘው፣ ያለ ሞት ያለ እሳት ኡኡ ልበል?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ሟርት ነው። በልጄ ላይ መዓት አልጠራም።»

ቢለምኗቸው፣ ቢቆጧቸው እምቢ አሉ። አያ ባዘዘው ደግሞ እምቢ ያለ ሰው አይወዱም። ብዙ ተከራክረው መጨረሻ ላይ ተስማሙ፦ ለልምምድ እልልታ፣ የእውነት ለሆነ ቀን ኡኡታ።

በልምምዱ ቀን ደወሉ ጮኸ፤ እትዬ ዘነቡም እጃቸውን በቀሚሳቸው አድርቀው ወይራው ሥር ቆመው እልልታውን አቀለጡት። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ደጅ ወጣ። ወጥ ቤቱም ወጣ፣ ያለ ባልዲ። አያ ባዘዘው ሰዓታቸውን አይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊሉ ሲሉ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ በግቢው በር ገቡ። ሙሽሮቹ የት ናቸው አሉ። ሙሽራ የለም ብንላቸው ተቀየሙን፤ አያ ባዘዘው ዕድሩ ድረስ ሄደው ነገሩን አስረዱ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩም አወቀው፦ ከወይራው ሥር እልልታ ከሆነ የባዘዘው ነገር ነው፣ ኡኡታ ከሆነ ግን ውሃ ይዞ እስከ በሩ መድረስ፣ ከበሩ አለማለፍ። ሰፈሩ ሁሉ «የባዘዘው ሠርግ» እያለ ሲያሾፍባቸው ከረመ።

እውነተኛው ቀን የመጣው ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ረፋድ ላይ። ሆቴሉ ሞልቷል። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ፋሲካ ስትተኩስ መብራት ሲጠፋባት ካውያውን አንሶላው ላይ እንዳስተኛችው፣ ሶኬቱን ሳትነቅል ሄደች። ይህን ያላደረገ ሰው በዚህ ከተማ ይገኛል ብዬ አላምንም፤ የጠፋ ካውያ ብረት ብቻ ይመስላል። መብራቱ ሲመለስ ካውያውም አብሮ ተመለሰ።

አያ ባዘዘው ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ናቸው፣ ስለ ላስቲክ ቆብ እየጨቀጨቁኝ። ሳጥኑ ላይ ሦስተኛው ፎቅ ቀላ፤ ደወሉ ጮኸ። ዞር ብለው አዩት። «እኔ ዛሬ ገመድ አላጨስኩም» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ።

እትዬ ዘነቡ ከገንዳቸው ተነሥተው ወይራው ሥር ደርሰዋል። እንደ ልምዳቸው ለእልልታ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አያ ባዘዘው ከበሩ ላይ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት የሚወጣውን ጭስ አዩ። ኡኡታውንም ለቀቁት። እኔ ያንን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ከየክፍሉ ፈልሶ ወደ እሳቸው ሮጠ፤ ነጠላ የለበሰውም፣ ፎጣ ያገለደመውም። አያ ባዘዘው ሲመኙት የኖሩት ነገር ዓይናቸው ፊት ሆነ።

ከዚያ ኡኡታው ተቋረጠ።

እትዬ ዘነቡ የወጣውን ሰው አንድ በአንድ እያዩ ነበር። «ፋሲካስ?» አሉ። በዚያው ቅጽበት እኔም የቁልፍ መስቀያውን አስታወስኩና ለአያ ባዘዘው «እማሆይ አልወረዱም» አልኳቸው። ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር ለበዓሉ የመጡ አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁልፋቸው አልተመለሰም። ደረጃው ታች ድረስ በጭስ ጠቁሯል። ጥበቃው ልግባ አለ፣ አያ ባዘዘው በደረታቸው ገፉት።

እትዬ ዘነቡ ወደ በሩ መጡ። እየሮጡ አልነበረም፣ እየተራመዱ ነው። አያ ባዘዘው በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ልጄ ላይ ናት። ልለፍ።»

«ፋሲካ ወጥታለች» አሏቸው።

«የት?»

«በጓሮ በር ስትወጣ አይቻታለሁ። ዘነቡ፣ ተመለሺና ጥሪ። ሰው ቀርቷል።»

እትዬ ዘነቡ ዓይን ዓይናቸውን አዩዋቸው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ዞሩና ወይራው ሥር ተመልሰው ኡኡታቸውን ቀጠሉ። ከፊተኛው የከፋ ነበር።

እማሆይ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ፤ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ኋላ እንደነገሩን ጭሱ ውስጥ ምንም አላዩም። ደወሉ ከየአቅጣጫው ስለሚጮህ መውጫው ወዴት እንደሆነ አልነገራቸውም። የሴትዮዋ ድምፅ ግን ከአንድ ቦታ ነበር የሚመጣው፣ ከታች። ሲቋረጥ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ ሲመለስ ተነሡ።

ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፣ የእሳት አደጋ ማኪናው መጣ፣ እሳቱ ጠፋ። መተኮሻ ክፍሉና ጎኑ ያለው ዕቃ ቤት ከሰሉ። ፋሲካ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በጓሮ በር በኩል፤ መብራት ሲጠፋ የስልክ ካርድ ልትገዛ ወጥታ ከባለሱቋ ጋር ወሬ ይዛ ነበር። ግርግሩን አይታ በሩቅ ከሰው ጋር ቆማ ስታይ ቆይታ፣ የሚነደው የእሷው ክፍል መሆኑን ሲነግሯት ነው የሮጠችው። እናቷ መጀመሪያ በጥፊ መቷት፤ ቀጥሎ እቅፍ አድርገው ያዟትና አለቀቋትም።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። አያ ባዘዘው እሳቱን፣ ልጅቷን፣ መነኩሲቷን፣ ሁሉን ያዩ ሰው ሆኑ። ባለሆቴሉ ሠራተኛውን ሰብስቦ ጋቢ ሊያለብሳቸው ፈለገ። በቀጠሮው ቀን አልመጡም። በማግስቱ ማንም ሳይኖር መጡና የሳጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ኮታቸውን አላወለቁም።

«አላየኋትም» አሉኝ።

«ማንን?»

«ፋሲካን። ስትወጣ አላየኋትም። የት እንደነበረችም አላውቅም።»

«ሸጋ አደረጉ እንጂ፣ አያ» አልኳቸው። «እማሆይ በዚያ ድምፅ አይደል የወጡ? ልጅቷም ይኸው ደህና ናት።»

«ደህና መሆኗን ስናገር አላወቅኩማ። ውስጥ ብትሆንስ? እናቷን በር ላይ ይዤ፣ የሰው ሰው ጥሪልኝ እያልኩ፣ ልጇ ላይ ትነድ ነበር።» ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ሰው ጋቢ ሊያለብሰኝ ይፈልጋል።»

«እንግዲያ ለእትዬ ዘነቡ ይንገሯቸው፤ ይቅለልዎ።»

«ነገርኳት። ትላንት ቤቷ ሄጄ። ትርገመኝ ብዬ ነበር የሄድኩ።» ቁልፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «‹አውቄ ነበር› አለችኝ። ‹አንተ እፊት በር ላይ ነበርክ፤ የጓሮውን በር ከየት ታየዋለህ?› አለችኝ። ‹ታዲያ ምነው ተመለስሽ?› አልኳት። ‹ሌላ እምይዘው ነገር አልነበረኝማ› አለች።»

ወንበሬ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ነገ ደወሉ ቢጮህ ያችን ሴት ወይራው ሥር አቁሜ ጥሪ እላታለሁ። በምን ዓይኔ?» አሉና ወጡ። ላስቆማቸው ብዬ ነበር፤ ግን እሳቸውን ያስቆመ ሰው አይቼ አላውቅም።

ተከትዬ ግቢ ወጣሁ። እትዬ ዘነቡ ከገንዳቸው ቀና ብለው በሩን አዩት።

«ሄደ?»

«ሄዱ። ሥራውን ትተዋል። ዋሽቻለሁ ብለው ነው።»

አንሶላውን ጠመዘዙት፣ ውሃው እስኪያልቅ። «ሞኝ ነው» አሉኝ። «ሌላ ቀን ሲነድ ‹ልጅሽ ወጥታለች› እሚለኝ እንግዲህ ማን ነው?»